ጎርፍ የወሰደው ካፒታል ከየት ይመለሳል?

የደቻቱ ወንዝ በበጋ ሲታይ ወንዝ አይመስልም። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ በዳሩም ይነገድበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ግን ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ደጋማ ስፍራዎች የወረደው ውኃ ይህንኑ የአሸዋ ሜዳ ሞልቶ ዳርና ዳሩን ጠርጎ ወሰደ። ሰው በተኛበት ሰዓት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ነዋሪዎችን ገድሏል። በሺህ የሚቆጠሩትንም ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል።

ለሞተው ሐዘን ተቀመጡ፤ ለተፈናቀለው ድንኳን፣ እህልና ብርድ ልብስ ደረሰለት፤ ኋላም ቤት ተሠራለት። በወንዙ ግራና ቀኝም የመከላከያ ግንብ ቆመ። ሸቀጡ የሄደበት ነጋዴ ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ነጋዴው ቤቱ ቆሞ፣ ቤተሰቡ ተርፎ፣ ነገር ግን ሙሉ ካፒታሉ በአንድ ሌሊት ጭቃ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የዕርዳታ መዝገብ የሚሞላው በቤተሰብ ብዛት እንጂ በሸቀጥ መጠን አይደለም። ስንዴና ዘይት የሚሰፈርለት ነጋዴ ከረሃብ ይድናል፤ ሱቁን ግን መልሶ አይከፍትም።

ታዲያ መደብሩን መልሶ ለማቋቋም የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይገኛል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ነጋዴ በቅድሚያ የሚሰጠው መልስ «ከመንግሥት» ወይም «ከመድን» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ሲመረመሩ ከሚታሰበው በታች ናቸው። የመንግሥት አሠራር ሕይወት በማዳንና በማቋቋም ላይ ያተኮረ እንጂ የንግድ ኪሳራ የሚተካ አይደለም። የጠፋ ሸቀጥ ተቆጥሮ ከመንግሥት ካዝና ካሳ የሚከፈልበት ቋሚ ፈንድ በአገሪቱ የለም። መድን በበኩሉ የሚከፍለው ውሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ብዙ ነጋዴ ውሉን አንብቦት ስለማያውቅ ነው።

«ኢንሹራንስ አለኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ገበያ ለሱቅና ለመጋዘን በብዛት የሚሸጠው ውል የእሳትና የመብረቅ ውል ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ማዕበልና የመሳሰሉት በዚህ ውል ውስጥ በራሳቸው አይገቡም። ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው፣ በተጨማሪ ሰነድ በስም ተጠቅሰው ነው የሚካተቱት። ስለዚህ አረቦኑን በየዓመቱ ሳያጓድል የከፈለ ነጋዴ ጎርፍ መጋዘኑን ቢያጥለቀልቅበት ከኩባንያው መስኮት ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ኩባንያው አጭበረበረ ማለት አይደለም። የተገዛው ሌላ፣ የደረሰውም ሌላ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር የባንክ ብድር ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ሕንፃ ወይም ንብረት ተበዳሪው መድን እንዲገባለት ያስገድዳል፤ በውሉም ላይ ቀዳሚ ተከፋይ ባንኩ ራሱ እንዲሆን ያደርጋል። ነጋዴው ከሒሳቡ ላይ አረቦን ሲቀነስ ስለሚያይ «መድን አለኝ» ብሎ ይቀመጣል። መድን የተገባለት ግን የባንኩ መያዣ ነው። ሕንፃው ቢፈርስ ካሳው በቅድሚያ ዕዳውን ይሸፍናል፤ የተረፈ ካለ ለባለቤቱ ይደርሳል። ከሕንፃው ውስጥ የነበረው የጨርቅ፣ የጫማ ወይም የቀለም ክምችት ለብቻው ካልተመዘገበ በስተቀር በዚያ ውል ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ለከተማ ነጋዴ ከሁሉም የከፋው ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም ንብረትን ከዋጋው በታች ማስመዝገብ ነው። አረቦን ለመቆጠብ ሲባል፣ ወይም ግብር ሰብሳቢው የክምችቱን ልክ እንዳያውቅ በመፍራት፣ ብዙ ነጋዴ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሸቀጥ 5 ሚሊዮን ብር ነው ብሎ ያስመዘግባል። እንበል ጎርፉ የ4 ሚሊዮን ብር ሸቀጥ አበላሸ። ነጋዴው ከ5 ሚሊዮን በታች ነውና 4 ሚሊዮኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው ይመስለዋል። የመድን ሕግ ሒሳብ ግን እንደዚያ አይሄድም። ንብረቱ በግማሽ ዋጋው ከተመዘገበ ለቀሪው ግማሽ ነጋዴው ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል፤ የሚከፈለውም የጉዳቱ ግማሽ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ ላይ በውሉ የተጠቀሰው ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ተቀናሽ ይወርዳል።

ማንም ሳይዋሽ ይኸው ሊደርስ የሚችልበት መንገድም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወደ ላይ ቀጠለ። ከዚያ በፊት በእውነተኛ ዋጋው የተመዘገበ የውጭ ሸቀጥ ውሉ እስኪታደስ ድረስ ከዋጋው እጅግ በታች ተመዝግቦ ቆየ ማለት ነው። መለዋወጫ፣ ኤሌክትሮኒክስ ወይም መድኃኒት የሚያስመጣ ነጋዴ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ብዛቱ ሳይጨምር ዋጋው ብቻ እጥፍ ሆኖበታል። የመሸጫ ዋጋውን በማግሥቱ የቀየረ ነጋዴ የመድን መጠኑንም አብሮ መቀየር ነበረበት። ይህን ያደረገው ስንቱ እንደሆነ የሚታወቀው ካሳ ሲጠየቅ ነው።

ጊዜም ሌላ ጠላት ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ (በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ይህን ክፍል አልተካውም)፣ መድን የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። በጎርፍ ጊዜ 5 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ነው። መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክ አይሠራም፣ ዘመድ ይፈለጋል፣ ሬሳ ይቀበራል። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ እክል የገጠመውን ሰው ይታገሣል፤ ቢሆንም የጉዳት ማስታወቂያውን በማግሥቱ በማንም ሰው እጅ በጽሑፍ ማስገባት ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ክርክር ያስቀራል። በውሉ ላይ የሚነሣ የገንዘብ ጥያቄም በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ» እያለ ከኩባንያው ጋር በቃል ሲደራደር የቆየ ነጋዴ ከ2 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ቢሄድ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

የጉዳት ገማቹ በበኩሉ ወረቀት ይጠይቃል። የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የመጋዘን ካርድ፣ ያለፈው ዓመት ቆጠራ። ይህ ሁሉ ወረቀት በአብዛኛው የሚቀመጠው ደግሞ ጎርፉ በገባበት በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። የሰነዶቹን ቅጂ ቤቱ ወይም ሒሳብ ሠራተኛው ዘንድ ያስቀመጠ ነጋዴ ካሳውን በወራት ሲያገኝ፣ ያላስቀመጠው ሻጮቹን እየዞረ ደረሰኝ ሲለቅም ዓመቱ ያልቅበታል።

ከጎርፉ የሚብሰው ቼክ

መድን ቢከፍል እንኳ ቀን ይፈጃል። ባለዕዳው ግን ቀን አይሰጥም። የክፍለ አገር ነጋዴ በብዛት ዕቃ የሚያነሣው ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ነው፤ ለዱቤውም ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። ጎርፉ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዕቃውን ወሰደው እንበል። ነሐሴ 15 የተጻፈበት ቼክ ግን መርካቶ ጅምላ ሻጩ ካዝና ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። ቀኑ ሲደርስ ባንክ ይገባል፤ በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም፤ ቼኩ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ የንግድ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ጉዳይ ይሆናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎታል። ሱቁን በጎርፍ ያጣ ሰው ጣቢያ ቆሞ መታየቱ ለሰሚው ግፍ ይመስላል፤ ሕጉ ግን ስለ ጎርፉ የሚለው የለም። ስለዚህ ከአደጋው ማግሥት የመጀመሪያው የገንዘብ ሥራ ዕርዳታ መፈለግ ሳይሆን ቼኮች ያሉባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አግኝቶ ቀኑን ማስለወጥ፣ ከተቻለም በአዲስ የጽሑፍ ስምምነት መተካት ነው። ደላሎች ዋጋቸውን የሚያሳዩት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ደላላ በመሀል ገብቶ ጅምላ ሻጩን ማሳመን ይችላል። ጅምላ ሻጩም ደንበኛውን ቢያሳስር ገንዘቡን አያገኝም፤ ጊዜ ሰጥቶ ትንሽ ዕቃ ቢጨምርለት ግን ሁለቱንም የማግኘት ተስፋ አለው። እንዲያውም የወደቀ ነጋዴ በአገራችን መልሶ የሚነሣበት ትልቁ ምንጭ ምናልባት ይኸው ሁለተኛ ዱቤ ሳይሆን አይቀርም። የትም መዝገብ ላይ ግን አይገኝም።

ባንክ ሌላ ሒሳብ አለው። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ጤናማ ካልሆኑ ብድሮች ይመደባል። ባንኩም መጠባበቂያ መያዝ ይገደዳል፤ ለተበዳሪው ያለው ፊትም ይለወጣል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ባንኮች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ አደጋ የደረሰበት ተበዳሪ 90 ቀን እስኪሞላ መደበቅ የለበትም። ብድሩ ገና ጤናማ ሳለ የጉዳቱን ማስረጃና የቀሪ ንብረቱን ዝርዝር ይዞ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምለት ቢጠይቅ ሰሚ የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ባንኮች በጎርፍ የወደመ ሱቅን በሐራጅ ሸጠው የሚያገኙት ነገር ጥቂት መሆኑን ያውቃሉና።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147 በሥራ ላይ ስላለ ክምችቱን ራሱን አስይዞ የተበደረ ነጋዴም አለ። ለእርሱ ጎርፉ ሸቀጡንም መያዣውንም በአንድ ላይ ይወስድበታል። ዕዳው ግን ደረቅ መሬት ላይ ይቆያል።

ዕቁብ፣ ዕድርና አፎቻ

ዕቁብ ከባንክ ይልቅ ፈጣን ነው። ዕጣ ያልደረሰው አባል ችግሩን ለዳኛው አስረድቶ ተራ እንዲለቀቅለት ይጠይቃል፤ ወይም ዕጣ የደረሰው ሰው በመጠነኛ ቅናሽ ይለቅለታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ እጅ ላይ ይገባል። ዕጣውን ቀድሞ በልቶ ሱቁን ያስፋፋበት አባል ግን ጎርፍ መጣ ብሎ መጣሉን ማቆም አይችልም፤ ዋሶቹ ይያዛሉ። ዕድርና በምሥራቁ ክፍል ያለው አፎቻ ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋሙ ናቸው፤ ቤት ሲቃጠል ወይም ሲፈርስ የሚረዱበት ደንብ ያላቸውም አሉ።

የእነዚህ ሁሉ ደካማ ጎን አንድ ነው። ዕቁቡም ዕድሩም የጎረቤት ናቸው፤ ጎርፍም የሚመታው ጎረቤትን በአንድነት ነው። አንድ ቤት ሲቃጠል ሃምሳው ያዋጣል። ሃምሳው ቤት በአንድ ሌሊት ሲጠለቅ የሚያዋጣ የለም። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ገንዘብ ከሩቅ የሚመጣው ነው፤ የድሬዳዋ ሰው ጂቡቲ፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ካለ ዘመዱ የሚላክለት። መድንም ቢሆን መሠረታዊ ሐሳቡ ይኸው ነው። የአንድ ከተማ አደጋ አዲስ አበባ ላይ፣ ከዚያም በጠለፋ ዋስትና አማካይነት ናይሮቢና አውሮፓ ላይ ተበታትኖ እንዲቀል ማድረግ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ኩባንያም የዚሁ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው።

በዚህ ረገድ 1998 ዓ.ም. የታየው ግጥጥሞሽ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በዚያው ዓመት የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሬ ከተባለው የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ሰጪ ጋር ለኢትዮጵያ ድርቅ የሚሆን ውል ተዋውሎ ነበር። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር፣ ከፍተኛው ካሳ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ክፍያው የሚወሰነው በ26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች በሚለካው የዝናብ መጠን ነበር። ገማች አይላክም፣ ደረሰኝ አይጠየቅም፤ ዝናቡ ከተወሰነው በታች ከወረደ ገንዘቡ ይከፈላል። የዚያ ዓመት ዝናብ ግን ጥሩ ስለነበረ ካሳ አልተከፈለም። ውሉ ጸንቶ ባለበት በዚያው ክረምት ድሬዳዋ በውኃ ተመታች፤ በቀናት ልዩነት ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ። አገሪቱ ለዝናብ እጦት ዋስትና ገዝታ በዝናብ ብዛት ተጎዳች። መድን የሚሸፍነው የታሰበውን አደጋ ብቻ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ያ የሙከራ ውል የከፈተው መንገድ ግን አልተዘጋም። በትግራይ ለጤፍ ገበሬዎች፣ በቦረና ለአርብቶ አደሮች በዝናብና በሣር መጠን ላይ የተመሠረተ መድን ኒያላና ኦሮሚያን የመሰሉ የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ሸጠዋል። ለከተማ ነጋዴ ግን በወንዝ ከፍታ ላይ ተመሥርቶ ያለ ክርክር የሚከፍል ውል በገበያው ላይ የተለመደ አይደለም።

ግብርና መዝገብ

ግብርም የገንዘብ ምንጭ ነው ቢባል የሚስቅ ነጋዴ አይጠፋም። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በተፈጥሮ አደጋ ወይም በድንገተኛ መዓት ምክንያት ከባድ ችግር ላይ የወደቀ ግብር ከፋይ ዕዳው እንዲሰረይለት ወይም እንዲቀልለት የሚጠይቅበትን በር ከፍቷል፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘምም ይቻላል። በዚያው ዓመት የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ሲወጣ የአንድ ዓመት ኪሳራ እስከ 5 ዓመት እየተሸጋገረ ከትርፍ እንዲቀነስ ፈቅዷል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ ስለሆነ ጸንቶ ያለውን ቃል ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ማየት ያስፈልጋል። ለማንኛውም ተጠቃሚው መዝገብ ያለው ነጋዴ ነው። በግምት ሲከፍል የኖረ ሰው የጠፋበት ምን እንደሆነ በሕግ ፊት የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ትርፉን ከግብር የደበቀ ኪሳራውንም አብሮ ደብቋል።

እስካሁን የተባለው ስለ ጎርፍ ነው። ባለሀብቶች ግን ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ሌላም የሚያስቡበት ነገር አላቸው። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት ከተደጋገሙት የመሬት መንቀጥቀጦች መካከል ታኅሣሥ 26 ቀን የደረሰው በመለኪያው 5.8 የተመዘገበ ሲሆን፣ ንዝረቶቹ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ፎቅ የሠራና የሚያከራይ ሰው ውሉን አውጥቶ «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚል ቃል በስም መኖሩን ማየት አለበት። ሕንፃው ቢሰነጠቅ የሚቀረው የኪራይ ገቢ ለብቻው ካልተመዘገበ እንደማይካስም አብሮ መታወቅ አለበት።

ድሬዳዋ እስከ ዛሬ ከጎርፍ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እንኳ ድንገተኛ ጎርፍ ሕይወት አጥፍቷል። በሌላ በኩል በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተው በዚችው ከተማ ነው። በመጋዘን የሚከማቸው ንብረት ከ1998ቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በመጨረሻም ደላሎች በደንብ የሚያውቁት፣ ነጋዴው ግን በድንጋጤ የሚሳሳትበት አንድ ገበያ አለ፤ ውኃ የነካው ዕቃ ገበያ። ሲሚንቶና ስኳር ከረጠቡ አበቃላቸው። ቆርቆሮና ብረት ታጥበው ይሸጣሉ፤ ጨርቅ ቶሎ ከተሰጣ በቅናሽ ይሄዳል፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚገዛው ለመለዋወጫ ብቻ ነው። ገዢዎቹ ጎርፉ በጎደለ ማግሥት ጥሬ ብር ይዘው ይደርሳሉ፤ የሚያቀርቡትም ዋጋ የተጨነቀ ሰው የሚቀበለው ዋጋ ነው። መድን ያለው ነጋዴ ገማቹ ሳያይለት ከሸጠ የጉዳቱን ማስረጃ አብሮ ሸጧል። መበስበስ የማይጠብቅለት ዕቃ ከሆነ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በምስክር ፊት ቆጥሮ፣ ኩባንያውን በጽሑፍ አስፈቅዶ መሸጥ ይችላል፤ የሽያጩ ገንዘብም ከካሳው ላይ ይቀነሳል። መድን የሌለው ነጋዴ ግን ማንንም መጠበቅ የለበትም፤ ዋጋው በየቀኑ ስለሚወርድ።